መጀመሪያ የምትገባው ሚስቴ ናት

ስለ ሚስቴ ማውራት ስጀምር የሥራ ጓደኞቼ መፍቻቸውን እያነሱ ይበታተናሉ። ይበታተኑ! ውኃ ቀጠነ ብዬ የምቆጣ ሰው መሆኔን አልክድም፤ በሚስቴ ጉዳይ ግን የሚያስጮኸኝ ቁጣ አይደለም፣ ኩራት ነው። እኔ ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነኝ። የወደቡ በረዶ ቤትም ሆነ የመርከቦቹ ፍሪጅ ሲያኮርፍ የሚጠራው እኔን ነው። እሷ ደግሞ ጉዞ ታቅዳለች። ሰዎች በትንሽ መርከብ ተሳፍረው ወደ ሩቅ ደሴቶች ይሄዳሉ፣ ወፎችንና የባሕር እንስሳትን ያያሉ፣ መነጽር አጥልቀው፣ መተንፈሻ ቧንቧ ነክሰው ፊታቸውን ውኃ ውስጥ ይነክራሉ። የት እንደሚሄዱ፣ መቼ እንደሚደርሱ፣ በየትኛው በኩል እንደሚገቡ አስቀድማ የምታስበው እሷ ናት።

ሥራ የጀመረችው የመሻገሪያ ጀልባ ትኬት በመቁረጥ ነው። ትኬት እየቆረጠች ተመላሹን መንገደኛ ሁሉ ስለ መንገዱ ታናዝዝ ነበር፤ ሰልፉ ከኋላ ይጮሃል፣ እሷ «እና ወፉ እግሩ ምን ዓይነት ነበር?» ትላለች። የማያውቁት አገር አይናፍቅም የሚለው ተረት በእሷ ላይ አልሠራም። ሳታያቸው የናፈቋት ደሴቶች ብዛታቸው ለጉድ ነው። በኋላ የጉዞ ቢሮው ሰው ሲፈልግ ያለ ብዙ ጥያቄ ወሰዳት፤ ወስዶም አልከሰረ።

ቢሮዋ አንድ ክፍል ነው። ከመስኮቱ የሚታየው ባሕር ሳይሆን የመረብ መጋዘኑ ግድግዳ ነው። ካርታ ያልተለጠፈበት ቦታ የለም። ከበሩ ጀርባ እንኳ አለ፣ ስለዚህ በሩ ወለል ብሎ ሲከፈት ግማሾቹ ደሴቶች ከግድግዳው ጋር ይጣበቁና ሥራዋ ይቆማል። ማንም ይምጣ ማን «ግባና ዝጋ!» ትላለች። ሰፈሩ «ወይዘሮ ካርታ» ያላት በከንቱ አይደለም።

የምታቅድበት መንገድም የራሷ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ሲመለሱ ወደ ወደቡ ትወርዳለች፤ «ዓሣው የት ነው?» ብላ ግን አትጠይቅም። ብትጠይቅም አይነግሯትም፣ ዓሣ አጥማጅ ያንን ለገዛ ወንድሙም አይነግር። እሷ የምትለው «መረባችሁ የት ተቀደደ?» ነው። ሰው ስለ ደረሰበት በደል ሲጠየቅ ደግሞ አፉን አይዘጋም። የት እንደተቀደደ፣ በምን እንደተቀደደ፣ ያን ቀን ውኃው ወዴት እንደጎተታቸው እየተራገሙ ይዘረግፉላታል። መረብ የሚቀደድበት ቦታ ኮራል የሚሉት ሹል የባሕር ድንጋይ አለ፤ ኮራል ባለበት በየቀለሙ የሚያንጸባርቅ ዓሣ አለ። «ኤሊስ ያስቸገራችሁ የት ነው?» ብላ ትቀጥላለች። እነሱ ሲራገሙ እሷ ካርታዋን ትሞላለች።

እንግዲህ በምታቅድላት መርከብ ላይ አንድ ደንብ አለ። ካፒቴኑ ከአባቱ የወረሰው ነው። በአባትየው ጊዜ አንድ ዕቅድ አውጪ ቢሮው ተቀምጦ «ይህ ቦታ ጸጥ ያለ ነው» ብሎ ወስኖ እንግዳ ሲገባበት ውኃው ጎትቶ ወሰደው፤ በስንት መከራ ተረፈ። ከዚያ ወዲህ ጉዞውን ያቀደ ሰው ከእንግዶቹ ሁሉ ቀድሞ ራሱ ይገባል። «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ በእኔ መርከብ የለም» ይላል ካፒቴኑ። ልክ ነው። እኔም ብሆን እንደዚያ እል ነበር።

ችግሩ ሚስቴ ውኃ መፍራቷ ነው። የዓሣ አጥማጅ ልጅ ናት። እናቷ ባሕሩ ባሏን እንዳይበላባት ስትሰጋ ኖራ ልጇን ወደ ዳር አላስጠጋቻትም፣ ፍርሃቱም አብሯት አደገ። እኔ እንደ ዓሣ እዋኛለሁ፤ እሷ ዝናብ ሲመጣ እንኳ ፊቷን ትሸፍናለች። ስለዚህ እሷ ያቀደችውን የቢሮው ዋናተኛ ይዞት ይሄዳል፣ ቀድሞ ይገባል፣ በደንቡም ባለዕቅዱ እሱ ይባላል፣ እንግዶቹም ለእሱ ያጨበጭባሉ። ሰውየው ክፉ አይደለም። እንዲያውም ከየጉዞው ፎቶ ያመጣላታል። ጭብጨባውን ግን አምጥቶላት አያውቅም። ፎቶዎቹን አይታ «ደስ ይላል» ትልና ወደ ካርታዋ ትመለሳለች። እኔ ግን አውቃት የለ፣ አንጀቷ እያረረ ነበር።

ከዚያ የሩቆቹ ደሴቶች ነገር መጣ። ከሁሉም የሚርቁት እነሱ ናቸው፤ ከእኛ ወደብ እንግዳ የጫነ መርከብ ደርሶባቸው አያውቅም። ካፒቴኑ ሊነጋገር ቢሮዋ የመጣ ቀን እኔ የቢሮዋን ትንሽ ፍሪጅ ገልብጬ ከጠረጴዛው ሥር ተጋድሜ ነበር።

«ይህን ጉዞ ማን ሊያቅደው ነው?» አለ ካፒቴኑ።

«እኔ ነኛ» አለች።

«እሱንማ አውቃለሁ እመቤቴ። ማን ይገባል ማለቴ ነው።»

«እኔ።»

ብድግ ስል ጭንቅላቴ ከጠረጴዛው ጋር ተላተመ። «አንቺ ሴት፣ ደህና ነሽ?»

«አንተ ፍሪጅህን ጠግን» አለችኝ፣ ዞር እንኳ ሳትል።

ካፒቴኑ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። «ልብ ይበሉ እንግዲህ። እዚያ ደርሰው እንግዶቹ ፊት ወደኋላ ካሉ ዕቅዱ ቀድሞ ውኃ ውስጥ የገባው ሰው ነው የሚሆነው። የሩቆቹ ደሴቶች ሥራም ከዚያ ወዲያ የዋናተኛው ነው። ለእርስዎ ብዬ ደንቡን አላጥፍም።»

«እንዲያጥፉልኝ መቼ ጠየቅኩ ካፒቴን?»

እኔ ግንባሬን እያሸሁ ከጠረጴዛው ሥር ቁጭ ብያለሁ። ፈርቼላታለሁ፣ ግን ደግሞ እንደዚያ ቀን የኮራሁባት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ማታ ቤት ስንገባ ላስተምርሽ አልኳት።

«አይሆንም። አንተ ስታስተምር ትጮሃለህ።»

«እኔ አልጮህም!» አልኳት። ሳልጮህ አልቀረሁም መሰለኝ፣ ልጃችን ከጓዳ ስትስቅ ሰማኋት።

ስለዚህ በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ራሷን በራሷ አስተማረች። ሳፋውን ኩሽና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ውኃ ትሞላለች፣ መነጽሩን ታጠልቃለች፣ ቧንቧውን ትነክሳለች፣ ፊቷን ትነክራለች። መጀመሪያ ላይ ወዲያው ትን እያላት ትወጣ ነበር። መነጽሩን ለመልመድ ብላ ሽንኩርት ስትከትፍም አታወልቀውም። አንድ ቀን ጎረቤታችን ወንፊት ልትዋስ ገባች፤ አየቻትና ደንግጣ ወደ እኔ ዞረች። «ምነው፣ ሐኪም ምን አለ?» አለችኝ። «ኤሊ ልትሆን ነው» አልኳት። ወንፊቱን ሳትወስድ ሄደች።

እያደር ለመደች። ድስቱ ተጥዶ እስኪፈላ ድረስ ፊቷ ሳፋው ውስጥ ሆኖ ቧንቧው ብቻ እፍ እፍ ሲል ይሰማ ጀመር። እኔና ልጃችን ቆመን አጨበጨብንላት። ሦስታችንም ልብ ያላልነው አንድ ነገር ነበር፤ እሱ የወጣው በኋላ ነው።

የዕቅዱ ሥራ ጎን ለጎን ይሄዳል። የመሻገሪያው ዕለት ምግብ ቀለል ያለ እንዲሆን፣ ማዕበል ሆድ እንዳይገለብጥ ብላ ከምግብ አብሳዩ ጋር ተጨቃጨቀች። ደሴት ላይ የሚወርድ ሁሉ አስቀድሞ የጫማውን ሶል እንዲያጥብ አዘዘች፤ ከሶል ጋር ተጣብቆ የሄደ አንድ የአረም ፍሬ ደሴቱን ሙሉ ሊወርስ ይችላል አለች። የቤታችን መተላለፊያ ከመርከቧ መተላለፊያ ጋር በስፋት እኩል ሆኖ ስላገኘችው ደግሞ እኔንና ልጃችንን ዋናተኛ እግሩ ላይ የሚያጠልቀውን፣ እንደ ዳክዬ እግር ሰፊ የሆነውን ላስቲክ አስጠልቃ ፊት ለፊት አስኬደችን። ተጠላልፈን ዘጭ አልን። «አያችሁ? መርከቡ ውስጥ ይህን አድርጎ መሄድ የለም፤ መሰላሉ አጠገብ ነው የሚጠለቀው» አለች። ልታነሳን ግን አልመጣችም፣ ሐሳቧ ሌላ ቦታ ሄዶ ነበር።

ከካፒቴኑ ጋር የተጣሉት በወፎቹ ደሴት ምክንያት ነው። እሱ እንግዶቹን እዚያ ማውረድ ፈልጓል።

«ጫጩቶቹ መሬት ላይ ናቸው» አለችው። «ሰው ሲቀርባቸው እናቶቹ ይበራሉ፤ ጫጩቶቹን ፀሐይ ይጨርሳቸዋል።»

«ታዲያ እንግዶቼ ያን ሁሉ መንገድ መጥተው ከሩቅ አይተው ሊመለሱ ነው?»

«ከጎማ ጀልባው ላይ ሆነው፣ ሞተር አጥፍተው ያያሉ። አፋቸውን ከዘጉ ወፎቹ ራሳቸው ይመጣሉ።»

ካፒቴኑ አጉረመረመ፣ ባርኔጣውን ደፋ፣ ተቀበለ።

በመጨረሻ ወጣን። ወጣን ያልኩት እኔም ስለተሳፈርኩ ነው። የመርከቧ በረዶ ማሽን ምንም አልሆነም ነበር፤ ብቻ ካፒቴኑን «ያለ እኔ ከወጡ ምግብዎ ሁሉ ይሸታል» ብዬ አስፈራራሁት። ሚስቴ ስትሄድ እኔ ወደብ ላይ ቆሜ እጄን ላውለበልብ? አላበድኩም!

የወፎቹ ደሴት ጋ ስንደርስ እንግዶቹ በጎማ ጀልባው ሆነው ዝም አሉ። ሞተሩ ጠፋ። ትንሽ እንደቆየን አንዷ ወፍ ሰማያዊ እግሯን ዘርግታ መጥታ የካፒቴኑ ባርኔጣ ላይ አረፈች። ያ ግዙፍ ሰው እንደ እንጨት ደርቆ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ በዓይኑ ብቻ ሚስቴን ፈለጋት። እሷ ከጀልባው ጫፍ ቁጭ ብላ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋበታለች። እንግዶቹ ሳቃቸውን በእጃቸው አፈኑት። ያንን ጊዜ ማንም ቢጠይቀኝ «የእኔ ሚስት ናት» ብዬ ልናገር አሰፍስፌ ነበር፤ ማንም አልጠየቀኝም።

በማግስቱ ጠዋት ዋናው ቦታ ደረስን። በኮራል የተከበበ፣ ጥርት ያለ ውኃ ነው፤ ከታቹ የባሕር ሣር በቅሎበታል። ባሕሩ ሲሞላ ኤሊዎቹ በደቡብ በኩል ባለው ክፍተት ገብተው ሣሩን ይግጣሉ ብለዋት ነበር አጥማጆቹ፣ በመረባቸው ምሬት መሃል። ስለዚህ መርከቧ መሰላሏን ወደ ሣሩ አዙራ እንድትቆም አስደረገች። እንግዶቹ መነጽራቸውን ይዘው ተሰለፉ።

«ባለዕቅዷ ይግቡ!» አለ ካፒቴኑ፣ እንደ ደንቡ ጮክ ብሎ።

የመንሳፈፊያ ጃኬቷን አጥብቃ ወደ መሰላሉ ሄደች። ወደ እኔ አላየችም። ወረደች፣ ውኃው እስከ ደረቷ ደረሰ፣ ቧንቧውን ነከሰች፣ ፊቷን ነከረች። ቧንቧው እፍ እፍ አለ። ደረቴን ነፋሁ።

ከዚያ ወዲያ ግን ፈቀቅ አላለችም። ሁለት እጆቿ መሰላሉን እንደጨበጡ ቀሩ። ያኔ ነው የገባኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ኩሽና ውስጥ እጆቿ የሳፋውን ጠርዝ ይዘው ነበር። መተንፈሱን ተምራዋለች፤ መልቀቁን አልተማረችውም። ባሕር ደግሞ የሚጨበጥ ጠርዝ የለውም።

እንግዶቹ መንሾካሾክ ጀመሩ። ዋናተኛው ወደ ካፒቴኑ ጠጋ አለ። «ካፒቴን፣ እኔ ልግባ?» አለ፣ በደግነት ነው ያለው። ካፒቴኑ መሰላሉን አየ፣ እኔን አየ። ትንሽ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ በላይ ግን አልችልም የሚል ፊት ነበር። እኔ «ልቀቂው!» ብዬ ልጮህ አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። በዕድሜዬ ስንት የፍሪጅ ኮምፕሬሰር ተሸክሜያለሁ፤ እንደዚያ ዝምታ የከበደኝ የለም።

በዚህ መሃል በደቡብ በኩል ከውኃው ሥር አንድ ጥቁር ነገር መጣ። ከላይ ሆነን በደንብ ይታየናል። ኤሊ ናት፣ የሳፋውን ያህል ጀርባ ያላት፣ ሳትቸኩል በክፍተቱ ገብታ ቀጥ ብላ ወደ ሣሩ። ሌላም ከኋላ ተከተለቻት። ሚስቴ ካርታ ላይ የፈለገችውን ስታገኝ ጣቷን ሳትቀስር አታልፍም፤ ብቻዋን ብትሆንም ትቀስራለች። ቀኝ እጇ መሰላሉን ለቀቀና ጣቷ ወደ ኤሊዋ ተቀሰረ። ሁለተኛዋ በግራ በኩል ስታልፍ ግራ እጇም ተከተለ። የለቀቀች አልመሰላትም። ወገቧ ቀስ ብሎ ተነሣ፣ እግሯ ተነሣ፣ ውኃው ላይ ተዘረጋች፣ እየተንሳፈፈች ከኤሊዎቹ በላይ ሄደች።

አለቀስኩ። ሰው ያየኛል አላልኩም። እንዲያውም አጠገቤ የቆመውን እንግዳ በክርኔ ጎሸም አድርጌ «ሚስቴ ናት» አልኩት፣ ሳይጠይቀኝ።

ካፒቴኑ እጁን አፉ ላይ ከቦ ጮኸ። «ባለዕቅዷ! ውኃው እንዴት ነው? እንግዶቹ ይግቡ?»

ራሷን ቀና አደረገች። መሰላሉ ከኋላዋ ርቋል፣ ዞራም አላየችው። ቧንቧውን ከአፏ አወጣች።

«ቆዩ!» አለች። «ገና እያየሁ ነው!»

ፊቷንም መልሳ ነከረች። ካፒቴኑም፣ ዋናተኛውም፣ እንግዶቹም፣ እኔም፣ መነጽራችንን ግንባራችን ላይ ሰቅለን ሚስቴ አይታ እስክትጨርስ ቆመን ጠበቅን።