የአባዬ ፓራውልት

አባዬ እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ መኪና ይነዳል፤ አንድም ቀን ግን አጥፍቶ አያውቅም። ጥፋቱ ሁሌም የሌላ ነው። ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ የኋላ መከላከያውን፣ ፓራውልቱን፣ ግንብ ሲልጠው፣ “ይሄ ግንብ ድሮ እዚህ አልነበረም” አለኝ። የአዲሱ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ የፊቱን ሲፍቀው ደግሞ የከተማውን መሐንዲሶች አንድ በአንድ ረገማቸው። እኔ እስቃለሁ፤ ታላቅ ወንድሜ ግን አይስቅም። “ከእንግዲህ አንድ ጭረት ካየሁ፣ ሰው ሳትገጭ ቁልፉን እወስድብሃለሁ” ብሎ ቁርጡን ነግሮታል። መኪናዋ ከሌለች ደግሞ አባዬ ከግቢ አይወጣም። ጉልበቱ የፒያሳን ዳገት እምቢ ካለ ቆይቷል፤ ጓደኞቹ ያሉት ደግሞ ላይ፣ ማኪያቶ ቤት ነው።

ወንድሜ የሚመጣው እሁድ ስለሆነ የእኔና የአባዬ ሥራ ቅዳሜ ነው።

ፓራውልቱ ያው ጥቁር ፕላስቲክ ነው፤ ፊቱ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሻከር ያለ፣ በእርጅና ብዛት አመድ የመሰለ። መጀመሪያ ጊዜ እኔ አዋቂዋ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ ፈትጌ ሙልጭ አደረግኩት። ከዚያ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ጋ የገዛሁትን የሚያብለጨልጭ ቀለም ለቀለቅኩበት። አባዬ ዞር ዞር ብሎ አየውና “ማንን ልንድር ነው?” አለኝ። እልህ ያዘኝ። በሁለተኛው ግን ነገሩ ገባኝ፤ ጭረቱን ብቻ በስሱ ማሸት፣ በሳሙና አጥቦ በደንብ ማድረቅ፣ የማያብለጨልጨውን ስፕሬይ ራቅ አድርጎ ስስ ስስ እያደረጉ መርጨት። ሻካራነቱ ሳይደፈን ጥቁረቱ ይመለሳል።

እኔ ስሠራ አባዬ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣና ፕላስተር ያቀብለኛል፣ የየጭረቱንም ታሪክ ይተርክልኛል። የቱ ሚኒባስ እንደገፋው፣ የቱ ጋሪ አትክልት ተራ ላይ ዘሎ እንደገባበት። ውሸት ያምርበታል። እውነቱን ለመናገር ከሳምንቱ ሁሉ ያንን ሰዓት ነበር የምወደው። ወንድሜ በማግስቱ መጥቶ መኪናዋን ይዞርና “ጎሽ፣ ተሻሽለሃል” ብሎት ለምሳ ይቀመጣል።

ባለፈው ቅዳሜ ከፊት፣ በቀኝ ጥግ በኩል አንድ ረጅም ጭረት አገኘሁ። ውስጡ ሰማያዊ ቀለም ገብቶበታል።

“ይሄኛውስ የማን ጥፋት ነው?” አልኩት፣ ወሬውን ለመስማት እየተመቻቸሁ።

አባዬ ጎንበስ ብሎ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

“እንጃ” አለ።

“እንዴት እንጃ?”

“አልሰማሁም ልጄ። ስነካው አልታወቀኝም።”

ሰማያዊ የሆነ ነገር ሁሉ ዓይኔ ላይ መጣ፤ የሚኒባስ ጎን፣ የሱቅ በር፣ የሆነ ሰው ብስክሌት። እሱም ያንኑ እያሰበ እንደሆነ ፊቱ ላይ አየሁ። ሌላ ማድረግ የምችለው ነገር ስላልነበረ ጎንበስ ብዬ የብርጭቆ ወረቀቱን አነሳሁ።

አባዬ እጄን ያዘኝ።

“ተዪው” አለኝ። “ነገ ወንድምሽ ይየው።”