ከአልጋ እስከ ደጅ

ከዩኒቨርሲቲ በነርስነት ተመርቄ መጀመሪያ የተመደብኩት ጎጆ በምትባል የደጋ ከተማ ጤና ጣቢያ ነው። እኔ የአምቦ ልጅ ነኝ፤ አምቦ ላይ በአንድ ሹራብ የምናልፈው ክረምት እዚያ በጋቢም አይቻልም። አብሮኝ የሚሠራው ነርስ ሸነን ከምትባል ከተማ የመጣ ሰው ነበር። ዕድሜው ወደ አምሳ ተጠግቷል፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

አንድ ቀን አንድ ገበሬ መጣና የእናቱ ጀርባ መቁሰሉን ነገረን። እናቱን የሰኔ ጭቃ አንሸራትቷቸው ወድቀዋል። አምቦ ወስዷቸው ራጅ ተነሥተዋል፤ ስብራት አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ ግን ከአልጋ አልወረዱም። ሁለታችንም አብረነው ሄድን።

አዛውንቷን ሰፈርተኛው ሁሉ «አዮ» ነው የሚላቸው፤ እናት እንደማለት ነው። ልጃቸውና ምራታቸው እንደ እንቁላል ነው የያዟቸው። ያጎርሷቸዋል፣ ፊታቸውን ያጥቧቸዋል፣ ፖፖ ያቀርቡላቸዋል። አዮ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኝተዋል።

ባልደረባዬ ፈቃዳቸውን ጠይቆ ቁስሉን አጠበ፤ እንዴት እያገላበጠች እንደምታስተኛቸውም ለምራታቸው አሳያት። ከዚያ ዱካ ስቦ አጠገባቸው ተቀመጠ።

«አዮ፣ ሳይወድቁ በፊት ጠዋት ጠዋት ምን ይሠሩ ነበር?»

«ዘር ድንች እመርጥ ነበር። በዚህ ሰፈር እንደኔ የሚመርጥ አልነበረም።»

«አሁንስ ማን ይመርጣል?»

«እነሱ ናቸዋ። የበሰበሰውን ከደህናው ይቀላቅሉታል።»

ምራታቸው ሳቀች። እሱም ፈገግ ብሎ ልጃቸውን ውጭ እንዲጠብቀን ለመነው። ልጁ ሲወጣ፣ ከሁሉ በላይ የሚያስቸግራቸው ምን እንደሆነ ጠየቃቸው። አዮ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው፣ «ሽንት ቤት ራሴን ችዬ መሄድ አማረኝ፣ ልጄ፣ ኢልማ ኮ» አሉት።

ግቢው ውስጥ ልጃቸውን አገኘነው። ባልደረባዬ ድንቹን አልጋው ድረስ እንዲያመጣላቸው፣ እሳቸውም እግራቸውን ወደ ታች አድርገው ተቀምጠው እንዲመርጡ ነገረው። የልጁ ፊት ጠቆረ።

«ሰው ምን ይለኛል? ታማሚ እናቱን ያሠራል አይሉኝም? ደክማ አሳድጋናለች፤ አሁን ማረፍ ነው ያለባት።»

«ማረፍማ ይገባቸዋል። እግር ግን ያለልክ ካረፈ መሄድ ይረሳል» አለው። «እስቲ አንድ ሳምንት ሞክሩልኝ። ሰው ከጠየቀህ ነርሱ አዘዘ በል።»

በሳምንቱ ስንሄድ አዮ በጋቢ ተጠቅልለው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ድንቹ በቅርጫት ጭናቸው ላይ ነው። ምራታቸውን የተበላሸ ድንች እያሳዩ ይቆጧታል። ባልደረባዬ ቅርጫቱን ትንሽ ራቅ አድርጎ አስቀመጠው፤ እጃቸውን ዘርግተው ደረሱበት። እየዋለ ሲያድር ደግሞ ቅርጫቱ ካልተነሡ የማይደርሱበት ቦታ ሆነ። ልጃቸውንም፣ «ተሸክመህ አታንሣቸው። እሳቸው ሲነሡ ደግፋቸው» እያለ አስተማረው። እንቁላሉም ወተቱም እንዳይጓደልባቸው አደራ አለ። አንድ ቀን ስንደርስ ልጁ ማንም ሳያዝዘው ከቤቱ በር እስከ ሽንት ቤቱ በእጅ የሚያዝ አጣና አግድም ቸንክሮ ጠበቀን። ባልደረባዬ እሾህ እንዳይኖረው በመዳፉ ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰውና፣ «ይሄን እኔም አላሰብኩት» አለ። ልጁ አቀርቅሮ ሳቀ።

ነገሩ ግን እንዲህ ቀጥ ብሎ አልሄደም። የኅዳር ውርጭ ሲጀምር አዮን የሳንባ ምች ጣላቸው። መድኃኒቱ ቢያድናቸውም ጉልበታቸው አለቀ፤ ተመልሰው አልጋ ላይ ዋሉ። ስንመለስ መንገድ ላይ፣ «የለፋነው ሁሉ ከንቱ ቀረ» አልኩት።

«ለምን ይቀራል? አሁን እኮ መቀመጥ ያውቃሉ» አለኝ።

እንደገና ጀመረ። ሲገባ በር ያንኳኳል፤ ስለ እሳቸው ከቤተሰቡ ጋር ከመነጋገሩ በፊት ከእሳቸው ጋር ይነጋገራል፤ ሲደክማቸው ያቆማል። ሳይቸኩል፣ ሳይሰለች። ትምህርት ቤት ስለ አረጋውያን እንክብካቤ ተምሬያለሁ፤ የተማርኩት ነገር እጅና ድምፅ ሲኖረው ያየሁት ግን በእሱ ነው። የገና በዓል ሳይደርስ አዮ አጣናቸውን ይዘው፣ ምራታቸው ከኋላቸው እየተከተለች፣ ሽንት ቤት ደርሰው ተመለሱ። ጥምቀት ሲያልፍ ተከታይም አላስፈለጋቸውም።

ያን ሰሞን ጎረቤታቸው የነበሩ ሴት ዐረፉ። አዮ ለቅሶ በእግሬ ነው የምደርሰው አሉ። ልጃቸው ፈረስ ልጫንልሽ ቢላቸው፣ «ሰው የሚሸከመኝ ስቀበር ነው» ብለው ምርኩዛቸውን አነሡ።

እኛም ለቅሶ ልንደርስ ሄደን ስለነበር መምጣታቸውን አየን። አንድ እጃቸውን ምራታቸው ትከሻ ላይ ጥለው፣ እየቆሙ እያረፉ ደረሱ። ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ብድግ ብለው ቦታ ለቀቁላቸው። ከሟች ልጅ ጎን ተቀምጠው እጇን ያዙና አብረዋት አለቀሱ። አስታማሚ ሲጠብቁ የከረሙት ሴት አሁን እሳቸው አጽናኝ ሆነዋል።

ባልደረባዬ ጠጋ ብሎ በጆሮዬ፣ «ጫማቸውን አየሽው? ሶሉ አልቋል፣ ያንሸራትታል። ለልጃቸው ንገሪው» አለኝ።

ነገርኩት። በማግሥቱ ገበያ ወርዶ ጥርስ ያለው የላስቲክ ጫማ ገዛላቸው።