ኖራ የተቀባው ድንጋይ

ጥር 14። ፋጡማ ከልጆቿ ጋር የምታድርበት ሱቅ ወለሉ ሰምጧል።

ከአውሮፕላን የተነሣው ፎቶ ግን ሱቁ የቆመበት፣ ከማዕድን ጉድጓዱ በላይ ያለው መሬት ንቅንቅ አላለም ይላል። እውነቱን በመሣሪያ እንዳጣራ ከድሬዳዋ ተልኬ ፀሐይ ላይ ዋልኩ።

ፎቶው ከፍታ የሚለካው፣ ከአየር እንዲታይ ኖራ በቀባነው ድንጋይ ነው። ድንጋዩ በሱቁ ደጃፍ፣ በድሮ ከፍታው ተቀምጧል። ከሥሩ ግን የጠጠር ክምር አየሁ።

«እህቴ፣ ይህን ማን ነካው?»

«አቦ፣ እኔ ነኛ! የጃንሆይ ድንጋይ ነው፣ እንዳይዛነፍ ብላችሁ አደራ አልሰጣችሁኝም? መሬቱ በወረደ ቁጥር ጠጠር እያስገባሁ፣ ከማዶው አለት ጋር በዓይኔ አስተካክለዋለሁ። ወላሂ፣ ከልጆቼ በላይ ጠበቅኩት!»

አመሰገንኳት። ሌላ ምን ይባላል?

ማምሻውን ቢሮ ገብቼ ለአለቃዬ ነገርኩት።

«ድንጋዩ ቦታው ላይ ነው?»

«ድንጋዩስ ነው። የሰመጠው ቤቱ ነው።»

«የላክንህ ድንጋዩን እንድታይ ነው። ፎቶው ትክክል ነው ብለህ ፈርምና እንሂድ፣ ደክሞኛል።»

እኔም ደክሞኛል። ከፈረምኩ ግን ነገ ቁፋሮው በፋጡማና በልጆቿ መኝታ ሥር ይቀጥላል።

አደራ በመጠበቅ የተበላሸ ሥራ የገጠማችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። እኔ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ ትቼ፣ ዕቃዋን የሚያወጣ ጋሪ ፍለጋ ወጥቻለሁ።