እናቱ የምትፈራው ልጅ

ሰፈሩ «ይመዘን» ይለዋል። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነበር፤ ዛሬ ግን በዚያ ስም የሚጠራው ጠፍቷል፣ እሷም ራሷ ረስታዋለች። ሥራው ሚዛን ማደስ ነው። የሥጋ ቤቱን፣ የእህል መደብሩን፣ የወፍጮ ቤቱን፣ ሲበላሽ ደግሞ የጤና ጣቢያውን የሕፃናት ሚዛን ይጠግናል። ሙያውን የተማረው ከአባቱ ነው። አባትና ልጅ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ሲሠሩ ኖሩ፤ ባለፈው ክረምት አባትዬው ሞተ።

ባለሱቅ «ሚዛኔ ደህና ናት፣ መርፌዋ ብቻ ትንሽ ትንቀጠቀጣለች» ቢለው ይመዘን አይሰማውም። ክብደታቸውን እንደ ስሙ የሚያውቃቸውን ብረቶች ከእንጨት ሳጥኑ ያወጣል፣ አንድ በአንድ ሚዛኑ ላይ ያስቀምጣል፣ መርፌው ላይ ዓይኑን ይተክላል፣ ከዚያ ቀና ብሎ የባለሱቁን ፊት ያያል። ሚዛኑን ከፈተሸው በኋላ ያምነዋል። ባለሱቁን ግን ፈትሾም አያምነውም።

ክፋቱ፣ ጥርጣሬውን ሱቅ ቆልፎበት አይመጣም። የተገዛ ስኳር ቤት ገብቶ ሳይመዘን ጣሳ ውስጥ አይገለበጥም። ሚስቱ አንድ ጊዜ «እኔንስ ያገባኸኝ መዝነህ ነው?» ብላ ብትቀልድበት፣ ከቀልዱ ሥር ምን ነገር እንዳለ ሲያሰላስል እራቱን ሳይበላ ተኛ።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው ነው እናቱ የፈራችው።

እናትየው የመርሳት በሽታ ከያዛት ቆይቷል። የምትኖረው በድሮው ቤት ነው፤ የምታስታምማት ታናሽ እህቱ ናት። ይመዘን ሥራ ሲቀለው ጎራ እያለ ይጠይቃታል። መጀመሪያ ላይ ብታውቀውም ባታውቀውም ፈገግ ትልለት ነበር። ከአባቱ ቀብር በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። በር ላይ ብቅ ሲል ፊቷ ይጠቁራል፣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ትስባለች፣ ወደ ግድግዳው ትዞራለች። አንዳንዴም አስጥይኝ እንደሚል ሰው ሴት ልጇን በዓይኗ ትፈልጋለች።

አንጀቱን ያቃጠለው ደግሞ ሌላውን ሰው አለመፍራቷ ነው። የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣውን ሰውዬ «እደግ የኔ ልጅ» ብላ መረቀችው። ጎረቤታቸው ስትመጣ ማን እንደሆነች ሳታውቅ እጇን ይዛ አትለቃትም። ከሰው ሁሉ ተመርጦ የሚፈራው የበኩር ልጇ ብቻ ነው። ይህ በራሱ ጊዜ የሆነ ነገር አይደለም፤ ከጀርባው ሰው አለ ሲል ይመዘን ደመደመ። ያም ሰው ከእህቱ ሌላ ሊሆን አይችልም።

ምርመራውን በዘዴ ያዘው። ከእናቱ ኪኒን አንዲት ከጠርሙሱ አውጥቶ መድኃኒት ቤት ወሰደና አሳየ፤ የደም ግፊት ነው አሉት። ሌላ መድኃኒት ቤት ሄደ፤ እዚያም ያው ሆነ። ጎረቤቲቱን መንገድ ላይ አስቁሞ እህቱ ስለሱ ምን ምን እንደምትል በዘወርዋራ ጠየቃት፤ ሴትዮዋ «ስለ አንተ ምን የሚወራ አለ ብለህ ነው?» ብላው ሄደች። እህቱ ወደ ጓዳ ስትገባ የእናቱን እጅጌ ገለጥ አድርጎ የተላላጠ ወይም የበለዘ ነገር ይኖር እንደሆነ አየ። ቀና ሲል እህቱ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱ ሲመጣ እሷ ከጓዳ ቶሎ ቶሎ ብቅ እያለች ታያቸው ጀመር። ይኼኛው ለይመዘን በቂ ማስረጃ ነበር።

ውሳኔውንም አደረገ። እናቱን ከእህቱ እጅ አውጥቶ ቤቱ ይወስዳታል። የኋላውን ክፍል ባዶ አደረገ፣ ቀለም ቀባ፣ አልጋ አስገባ። ሚስቱ «ትፈራሃለች እኮ፣ እንዴት አድርገህ ልታኖራት ነው?» ብትለው፣ ከመርዙ ስትርቅ ይለቃታል አላት። የቀረው እህቱን ከነጥፋቷ እጅ ከፍንጅ መያዝ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሱቁን ቀደም ብሎ ዘጋና በጓሮ ዞሮ ከእናቱ መስኮት ሥር ተለጠፈ። የሚያውቀው ሰው ቢያየው ያፍር ነበር። ውስጥ እህቱ የእናቷን ፀጉር እያበጠረች ነው።

«አባትሽ የት ሄዶ ነው?» አለች እናት።

«ሥራ ላይ ነው እማዬ። ይመጣል።»

«ምነው ታዲያ ቆየ?»

«የወፍጮ ቤቱ ሚዛን አስቸግሮት ነዋ።»

እናት ሳቀች። ይመዘን ይህን ሳቅ ከሰማው ስንት ጊዜው። ደስ ሊለው ሲገባ ደሙ ፈላ። ያዝኳት አለ በሆዱ። እማዬ የገዛ ባሏ ሞት የተደበቀባት፣ በውሸት የምትታለል ሕፃን ሆናለች ማለት ነው። በሞተ አባቷ የምትዋሽ ሴት፣ በቁም ባለው ወንድሟ ምን የማትለው አለ?

ዞሮ ገባ። እናቱ እንዳየችው ፈገግታዋ ከፊቷ ጠፋ። ይመዘን ግን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ ሁልጊዜ ስትጠይቀው እንደሚያደርገው ሁሉ፣ እውነቱን ነገራት።

«አባዬ ሞቷል እማዬ። አብረን ነው የቀበርነው። ሥራ ላይ ነው የምትልሽ ስታታልልሽ ነው።»

 እናት «መቼ?» አለች፣ ቀጥላም «ለምን አልነገራችሁኝም?» አለች። ከዚያ ለቅሶው መጣ። ያረጀ ሐዘን አልነበረም፤ ገና አሁን፣ በዚህች ደቂቃ ባሏ የሞተባት ሴት ለቅሶ ነበር። ይመዘን አቀፋት። ደረቱ ላይ ተደገፈችለት፣ ኮቱን ጨምድዳ ያዘች፣ እሱም አብሯት ተንሰቀሰቀ። ቀና ብሎ እህቱን በድል አድራጊነት አያት። እውነቱ ሲነገራት ይኸው ልጇን ታቅፋለች፤ ከእሱ የሚያርቃት የእህቱ ውሸት ነው። እህቱ ማበጠሪያውን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

እናት አልቅሳ ሲደክማት እንቅልፍ ወሰዳት። ይመዘን ከአጠገቧ አልተነሳም። ስትነቃ ውኃ በብርጭቆ ይዞ ጎንበስ አለላት። ዓይኗን ገልጣ አየችው፤ ባንዴ ወደ ግድግዳው ሸሸች።

«ይሄ ሰውዬ ማን ነው?» አለች ለሴት ልጇ።

«ልጅሽ ነው እማዬ። ምን አደረገሽ?»

«ኧረ ምንም አላደረገኝ።» እናት ትንሽ አሰበች። «ደግ ሰው ይመስላል። ግን እሱን ሳይ ሰው የሞተብኝ ይመስለኛል።»

«ማን ነው የሞተብሽ?»

«እኔ እንጃ። ማንም አልሞተብኝም። አባትሽስ አልመጣም?»

ይመዘን ብርጭቆውን ይዞ ወደ ጓዳ ገባ። እህቱ ተከተለችው። ጥፋተኛ ሲፈልግ የከረመው ሰው መግቢያ አጣ።

«በመጣህ ቁጥር ስለ አባዬ ትጠይቅሃለች?» አለችው።

«ትጠይቀኛለች።»

«በመጣህ ቁጥርም ትነግራታለህ?»

«ታዲያ ልዋሻት?»

እህቱ ጣሳዎቹን ያለ ሥራቸው ወዲያ ወዲህ አደረገች። «ነገሩን ትረሳዋለች ወንድም ጋሼ። ሐዘኑ ግን ሆዷ ውስጥ ይቀራል። ከማን እንደመጣም ታውቃለች። እኔ ምኗ ሞኝ ነኝ፣ ብቻዋን ስታገኛት የምትመታት መስሎኝ ነበር። ከሄድክ በኋላ ገላዋን እያገላበጥኩ ሳይ ነው የከረምኩት።»

እሱም ያንኑ ሲያደርግ እንደከረመ ሊነግራት አፉን ከፍቶ ተወው። ስንት ጊዜ ነው እናቱን ባሏን ያስቀበራት? ሳጥኑን አንስቶ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አልመጣም። የቀባው ክፍል ባዶውን ተቀመጠ፤ ሚስቱም ስለ ክፍሉ አንድ ቃል አልተነፈሰችም፣ ይመዘንም ለመጀመሪያ ጊዜ ዝምታዋን ሳይመረምር አለፈ። ሱቁ ውስጥ የአባቱ ወንበር ከጀርባው አለ። አንድ ቀን የሥጋ ቤቱን ሚዛን ፈትቶ ሲጠርግ፣ ብሩሹን እንደያዘ ራሱን ጠረጠረ። እውነት ስለሚወድ ነበር የነገራት? ደንበኞቹ «እግዜር ያጥናህ» ብለው ወዲያው ስለ ሚዛናቸው ነው የሚጠይቁት። ሚስቱም አዝናለች፤ ግን ኀዘኗ ወጥቶላታል። አባቱን ዛሬ እንደሞተ አድርጋ የምታለቅስለት በዓለም ላይ እናቱ ብቻ ነበረች። እሱም ሆዱ ሲብስበት እየሄደ ያስለቅሳት ነበር፤ አብራው እንድታለቅስ። ይህን ሲያውቅ መሬት ብትውጠው በወደደ።

እናቱ ዘንድ ሲመለስ አልጋው ጠርዝ ላይ አልተቀመጠም። በር አጠገብ ዱካ ላይ ቁጭ አለ። እናቱ ብርድ ልብሷን ሳበች። ዝም ብሎ ተቀምጦ ሄደ። ደግሞ መጣ፣ ደግሞ ተቀምጦ ሄደ። ያ ፍርሃት እሱ ዝም ስላለላት ብቻ የሚለቅ አልሆነም። ኋላ ግን አንድ ቀን፣ እንደ ፖሊስ ከላይ እስከታች አጣርታ ካየችው በኋላ፣ «ባለቤቴን አይተኸዋል?» አለችው።

 እህቱ ልብስ ልታጥብ ጓሮ ወጥታለች፤ የሚረዳው የለም።

«አዎ፣ ሥራ ላይ ነው» አለ። «አብረን ነው የምንሠራው።»

«ምን ሆኖ ቆየ?»

«የእህል መደብሩ ሚዛን አስቸገረን። እኔን አስቀድሞ ላከኝ።»

«ምሳውንስ በላ?»

«በልቷል።»

እናት ድምፁን እንደምትፈትሽ ሁሉ ጆሮዋን አዘነበለች። ይመዘን ቀና ብሎ ሊያያት ፈራ። ቀስ እያለ ጣቷ ብርድ ልብሱን ለቀቀ።

«ከሱ ጋር ከሆንክስ ምነው በር ላይ ተቀመጥክ?» አለች። «ና ወዲህ።»

ሄዶ ተቀመጠ። እጁን ያዘችው፣ መዳፉ ላይ ያለውን የዘይት ጥቁረት በአውራ ጣቷ እያሻሸች ስለ ባሏ አወራችለት፤ ልጅ ሳለ ፉጨት ይወድ እንደነበር፣ አኩርፎ እንደማያድር። ይመዘን እህ እያለ ሰማ።  እስክትተኛም ድረስ አላለቀሰም።

ከዚያ ወደ ጓሮ ወጣ። እህቱ ሳፋ ፊት ተቀምጣ የእናቷን አንሶላ ታሻለች፤ የቧንቧው ውኃ ከጎኗ ይወርዳል።

«አንቺ የት ነው የምታለቅሺው?» አላት።

ቀና አላለችም። «እዚሁ። ውኃው ሲወርድ አይሰማትም።»

ይመዘን እጅጌውን ሰብስቦ ከፊት ለፊቷ ቁጢጥ አለ፣ የአንሶላውን ሌላ ጫፍ ያዘ፣ ቧንቧውንም እስከ መጨረሻው ከፈተው።