ለሁለት የሚቆረጥ ባቡር

ቦዲል ክሮግ በኦዴንሴ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ሠርታ ያረጀች፣ አንድ ደረጃ የምንጋራ ጎረቤቴ ናት። ጡረታ ከወጣች ወዲህ ሐምሌ በመጣ ቁጥር በአንድ ክፍያ ብዙ አገር የሚያሳፍር የባቡር ካርድ ትገዛና አውሮፓን ትዞራለች። ለወንበር ተጨማሪ የሚያስከፍሉትን ፈጣን ባቡሮች ዞር ብላም አታያቸው፤ በየመንደሩ የሚቆመውን ትሳፈራለች። ስንቋ ከቤት የቀቀለችው እንቁላልና ጥቁር የአጃ ዳቦ ነው። እንደሷ ያሉ የካርድ መንገደኞች «ካርድ ካለሽ የትም ተቀመጪ፣ ያደርስሻል» ይላሉ። የሰነፍ አባባል ነው።

ባለፈው ዓመት ታናሽ እህቷን ቶቨን ይዛ ሄደች። የቶቨ ግራ ጆሮ አይሰማም፤ አፏ ግን አያርፍም። ቶቨ የሄደችው ለሽርሽር አልነበረም። ልጇ አስገር ከአባቱ ቀብር ማግስት ተጣልቷት፣ ጀርመን አገር ተራራ ሥር ባለች ከተማ ጣሪያ እየሠራ ይኖራል። ከስንት ዓመት ዝምታ በኋላ «ጣቢያው ላይ እጠብቅሻለሁ፤ ካልመጣሽ ግን ሁለተኛ አትጠይቂኝ» አላት። ጀርመንኛ ስለማታውቅ መንገዱን ለእህቷ ተወችው።

ከሙኒክ የተሳፈሩበት ባቡር መንገድ ላይ ለሁለት ይቆረጣል። የፊቱ ወደ አስገር ከተማ፣ የኋላው ወደ ሌላ ሸለቆ ይሄዳል። በሩ ላይ ተጽፏል፤ ቦዲልም አንብባዋለች። ግን ፉርጎው ሁሉ ተራራ ሊወጡ በመጡ ሰዎች ታጭቆ አንድ ክፍት ወንበር ብቻ የተገኘው ከኋላ ነበር።

«እዚህ አረፍ በይ» አለቻት።

«አንቺስ?»

«እኔ ወደ ፊት ሄጄ እፈልጋለሁ። ካርድ ካለሽ የትም ተቀመጪ።»

«እንቁላሉን ብቻሽን እንዳትጨርሺው ታዲያ።»

ቦዲል መቆረጫው ጣቢያ ላይ ወርዳ ልታመጣት አስባ ነበር። አላመጣቻትም። ለሰው ሁሉ «እንቅልፍ ወሰደኝ» ትላለች። አንድ ቀን ልብስ ስታሰጣ አፋጠጥኳት።

«ቶቨ እንቁላሉ አልቆ ነው ያገኘሁት ብላኛለች። ተኝተሽ ከሆነ ማን ላጠልሽ?»

ቅርጫቱን መሬት አስቀመጠች። «ማስታወቂያውን ሰምቼዋለሁ። ከኦዴንሴ ጀምሮ ስታወራ ጆሮዬን በልታዋለች። ትንሽ ልረፍ አልኩ፣ ትንሽ ብቻ። ከዚያ ባቡሩ ተንቀሳቀሰ።»

ያን ቀን ቦዲል ስትደርስ አስገር ጣቢያው ላይ ንጹህ ሸሚዝ ለብሶ ቆሞ ነበር። ከቦዲል ጀርባ ጀርባ እያየ «እናቴስ፣ አክስቴ?» አላት።

«ተሳስታ ሌላ ፉርጎ ገባች።»

«እሷ ድሮም ለራሷ የተመቻት ቦታ ነው የምትቀመጠው» አለና ሄደ።

መሰልቸትስ የሰው ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ «ተሳስታ» የምትለዋ ቃል ናት። ቶቨ በሌላ ባቡር ተመልሳ ስትደርስ ልጇ የለም። እህቷን አቅፋ «ጉዞሽን አበላሸሁብሽ፣ ይቅር በይኝ» አለቻት። ቦዲልም «ምንም አይደል» ብላ ይቅርታውን ተቀበለች። የሌላ ሰው ይቅርታ ኪስ ውስጥ ከትቶ መሄድ ከሌብነት በምን ይሻላል? ዓመቱን ሙሉ ቶቨ በየልደቱ ግብዣ የራሷን ጅልነት እያወራች ሰው ታስቃለች፤ ቦዲልም አብራ ትስቃለች።

ዘንድሮም ሐምሌ መጣ። እኔ ቦዲል ቤት ቁጭ ብዬ ሳለ ቶቨ ካርዷን ልትወስድ መጣች። አስገር ስልክ አያነሳላትም፤ ብቻ በሩን ላንኳኳ ትላለች።

«የቱ ፉርጎ እንደሆነ አሁኑኑ ንገሪኝ» አለች እየሳቀች። «እኔ እንደሆንኩ ደንቆሮም ደደብም ነኝ።»

ቦዲልን አየኋት። ፊቷ ቀላ። አጠገቧ ተቀመጠችና ዝቅ ባለ ድምፅ «ያሳሳትኩሽ እኔ ነኝ፤ እያወቅኩ ነው የተውኩሽ» አለቻት።

ቶቨ ካርዱን እያገላበጠች ፈገግ እንዳለች ናት። ቦዲል የተቀመጠችው በማይሰማው ጆሮዋ፣ በግራዋ በኩል ነበር። እንደተናዘዘ ሰው ረጅም ትንፋሽ አወጣችና ልትነሳ ቃጣት።

«ዙሪ» አልኳት ቦዲልን።

«ምን?» አለች ቶቨ።

«አንቺን አይደለም።»

ቦዲል አፍጥጣ አየችኝ። ከዚያ ለአስገርም ልትደውልለት ስልኳን ከመስኮቱ ላይ አነሳች፣ ወንበሯን እየጎተተች ጠረጴዛውን ዞረች፣ በቶቨ ቀኝ በኩል ተቀመጠች።