የስልክ መርዶ ያረዳንበት ጠዋት

ትናንት መምህራችን ስለ ኮምፒውተር ሜሞሪ ሲያስተምሩ «አንደኛው መብራት ሲጠፋ የያዘውን ሁሉ ይረሳል፤ ሌላው ግን ጠፍቶም ቢሆን አይለቅም» አሉ። ልቤ ዘለለ። ቀጠሉና «እሱ ራሱ ካልተበላሸ በቀር» ሲሉ ተመልሶ ቁጭ አለ። ጓደኞቼ ይጽፋሉ። እኔ እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ መንዝ ገብቻለሁ፤ ክረምት ነው፣ ጉም ነው፣ የጎረቤታችን የእትዬ አስካለ ደጃፍ ቆሜያለሁ።

ያኔ በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን ዓመት ጨርሼ ኮምፒውተር ሳይንስ ደርሶኝ፣ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ከደብረ ብርሃን ወደ መሐል ሜዳ ሚኒባሱ በጉሙ ውስጥ እየዳኸ ሲሄድ፣ ላበት የያዘው መስኮት ላይ በጣቴ ስሜን ጽፌ ከጎኑ «ኮምፒውተር ሳይንስ» ጨመርኩበት። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ አደረጉት፤ ለካ ውጭውን ማየት ፈልገው ነው። እውነቱን ለመናገር እስከዚያ ቀን ኮምፒውተር የነካሁት ከክፍል ጓደኞቼ ጋር እየተጋፋሁ ነበር። የተማርኩትን በሙሉ ተጠቅሜ ማድረግ የምችለው ነገር ቢኖር ስሜን ስክሪኑ ላይ ደጋግሞ እንዲጽፍ ማዘዝ ነበር። ስሜን መጻፍ እንደምወድ ሳይገባችሁ አይቀርም።

እናቴ ግን ወሬውን ቀድማኝ አዳርሳዋለች። ከመሐል ሜዳ ወጣ ብላ ካለችው መንደራችን ደርሼ የእግሬን ጭቃ ሳልታጠብ ጎረቤቱ ስልኩን እየያዘ መጣ። ድምፁ የጠፋ አለ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ አለ። የጎረቤታችን ሽማግሌ አያ ደምሴማ የእጅ ባትሪያቸውን ይዘው ከተፍ አሉ።

«አያ ደምሴ፣ ይኼ እኮ ባትሪ ነው!»

«ታዲያስ? ቅዳሴ የሚቀድስ ሰው ዳዊት መድገም ያቅተዋል?»

ምን ላድርግ፣ ድንጋዩን አውጥቼ ዝገቱን ጠራርጌ መለስኩት። በራ! አያ ደምሴ መብራቱን ፊቴ ላይ እያበሩ መረቁኝ። ጦሱ ግን የመጣው ከዚያ ነው፤ በማግስቱ እትዬ አስካለ ሰምተው መጡ።

በሻሽ የተጠቀለለ ስልክ ይዘዋል። የልጃቸው የጌታነህ ነው። ጌታነህን ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ወንዝ ሲሻገር ደራሽ ውኃ ወሰደው፤ ሲያገኙት ስልኩ ከኪሱ አልወጣም ነበር።

«ልጄ፣ ድምፁ እዚህ ውስጥ ነው» አሉኝ።

የትኛው ድምፅ እንደሆነ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ጌታነህ አንድ ቀን በሬዎቹን ገብስ ውስጥ ለቋቸው ኖሮ፣ እናቱ ሲቆጡት በስልኩ ቀዳቸው። «አንተ የማትረባ! ልብህን ገበያ ጥለኸው መጣህ?» እያሉ ይጮኻሉ፣ እሱ ከጀርባ ይንከተከታል። ሰው ባገኘ ቁጥር እየከፈተ ያስቅ ነበር።

«ሙት ዓመቱ እየደረሰ ነው» አሉ እትዬ አስካለ። «የኔ ጩኸት ይቅር። ሳቁን ብቻ አውጪልኝ።»

ቻርጅ ላይ ብሰካው እንደ ድንጋይ ዝም። በገበያ ቀን ወደ መሐል ሜዳ ወሰድኩት፤ ቤተሰቦቹ ከቆላ ለንግድ መጥተው እዚያው የቀሩ ኡመር የሚባል ስልክ ጠጋኝ አለ። ከፍቶ አሳየኝ። ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ለብሷል፤ በብሩሹ ነካ ቢያደርገው እንደ ዱቄት ረገፈ።

«ውኃው በልቶታል፣ እህቴ።»

«አዲስ አበባ ቢላክስ?»

«ከዚህ የተሻለውን ልኬ ተመልሶልኛል። አትድከሚ።» ክዳኑን መልሶ ሲገጥም እንደሚከፍን ሰው እጁ ቀስ አለ።

ማታ ለአባቴ ነገርኩት። «ነገ መንገድ ላይ ሳገኛቸው እነግራቸዋለሁ» ስለው የሚቆረጥመውን ቆሎ ከአፉ መለሰ።

«መርዶ መንገድ ላይ ይነገራል? ይኼ ለሷ መርዶ ነው። በወጉ ይነገራታል።»

ወጉ ይኼ ነው፦ መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ፣ ሰውየው ሥራ ሳይወጣ፣ በቤቱ ነው። አንድ ሰው ብቻውን አይሄድም። እናም አባቴና አያ ደምሴ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ እኔ ስልኩን በሻሹ ይዤ፣ ጤዛው እግራችንን እያራሰው ሄድን። አንድ ነገር ግን ሦስታችንም አላሰብንም፤ በማለዳ ተከናንበው ደጅ የቆሙ ሰዎች በእኛ አገር ትርጉማቸው አንድ ብቻ ነው።

እትዬ አስካለ በሩን ከፍተው አዩን። ነጠላቸው ከትከሻቸው ወደቀ።

«ወይኔ! አለሚቱ! አለሚቱ ሞተችብኝ!»

አለሚቱ አዲስ አበባ ያለችው፣ የቀረቻቸው አንዲት ልጃቸው ናት። ደረታቸውን እየደቁ ጭቃው ላይ ተቀመጡ።

«ኧረ ማንም አልሞተ!» አባቴ ጮኸ። «አስካለ፣ ስልኩ ነው! ስልኩ!»

«ማን ደወለ? ማን አረዳችሁ?»

«የጌታነህ ስልክ ነው የሞተው!» አሉ አያ ደምሴ።

ጩኸቱን የሰማ ጎረቤት መቀነቱን እየታጠቀ ሲደርስ እትዬ አስካለ ጭቃው ላይ እንዳሉ ቀና አሉ።

«ስልክ? ስልኩማ አምና ከልጄ ጋር አልሞተም እንዴ! ለዚህ ነው በማለዳ ነፍሴን የምታወጧት? አንተ ደምሴ፣ አንተ የማትረባ! ልብህን ገበያ ጥለኸው መጣህ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አያ ደምሴም አፋቸውን በጋቢያቸው ይዘው ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ድንገት ቆመ። ሁላችንም እኩል ሰምተነው ነበር። ቁጣው ያው ነው፤ ከጀርባው የሚንከተከተው የለም።

ቤት አስገብተው እሳት ዳር አስቀመጡን፤ ትኩስ የገብስ ቂጣ ቆርሰው ሰጡን። ስልኩን መለስኩላቸው።

«እትዬ፣ አልቻልኩም። የሚችልም የለም።»

«አንቺ ገና ሀ ማለትሽ ነው» አሉኝ፤ ሻሹን መልሰው እየቋጠሩ። «ስትጨርሺ ትከፍቺዋለሽ። እቆይሻለሁ።»

«ስጨርስም አይሆንም፣ እትዬ።»

«ያልተማርሽውን በምን አወቅሽ?»

አባቴን አየሁት። አባቴ እሳቱን ያያል።

አሁን ያኔ ያላወቅሁትን ተምሬያለሁ። ድምፅ ወደ ቁጥር ተለውጦ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ የት እንደሚቀመጥ፣ የተቀመጠበት ሲረግፍ ምን እንደሚተርፍ አውቃለሁ። ምንም አይተርፍም። ኮምፒውተር ሳይንስን እወደዋለሁ፤ ግን አንድ ኮርስ ባለፍኩ ቁጥር የእትዬ አስካለ ስልክ ይበልጥ ይሞታል። የክፍል ጓደኞቼ የምርቃታቸውን ልብስ ቀለም ከወዲሁ ይመርጣሉ። ለእኔ ግን ምርቃት ማለት ተከናንቤ እዚያ በር ላይ ዳግም የምቆምበት ማለዳ ነው፤ ያን ቀን «ገና ሀ ማለትሽ ነው» የሚለኝ የለም።

ትናንት ከክፍል ስወጣ እናቴ ደወለች። የገብሱን፣ የዝናቡን፣ የአባቴን ጉልበት ነገር አወራችኝና እንደ ሁልጊዜው መጨረሻ ላይ፣

«አስካለ ጠይቂልኝ ብላለች። ስንት ቀረሽ?»

«ገና ነው በያቸው፣ እማዬ» አልኳት። «ገና ብዙ ይቀራታል በያቸው።»