ወንዙ ጋ የሚቆረጠው መስመር

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ማብቂያ ላይ፣ ሜልበርን ብሬብሩክ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ በመኪና ቀለም ቀቢና በምንጣፍ መጋዘን መሃል በተሰነቀረች የቆርቆሮ ዎርክሾፕ እሠራ ነበር። ሁለት ሰዎች ነበርን፤ እኔና አለቃዬ። አለቃዬ ዕድሜውን ሙሉ የስልክ መስመር ሲዘረጋና ሲጠግን የኖረ፣ ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው ሥራውን ጥሎ የራሱን ነገር ለመፍጠር የተነሣ አውስትራሊያዊ ነው። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተምሬ፣ በሱዳን ዞሬ ሜልበርን ከገባሁ በኋላ ዶሮ ፋብሪካ ውስጥ ሺፍት ስገባና ስወጣ የቆየሁ ሰው ነኝ። የተማርኩትን የሚፈልግ ሰው በማግኘቴ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ምስጋናዬ ግን ብዙ አልቆየም።

ልንሠራ የተነሣነው ነገር ሲያወሩት ቀላል ነው። በአምቡላንስ የሚሄድ በሽተኛ የልብ ምቱ በሽቦ ተለክቶ፣ በሞባይል ስልክ በኩል ተልኮ፣ እሱ ገና መንገድ ላይ ሳለ ሐኪሙ ስክሪን ላይ እንዲያየው ማድረግ ነው። ዛሬ ይህ ማንንም አያስደንቅም። ያኔ ግን ሞባይል ሰው አንድ ጆሮውን ይዞ "ይሰማል? ይሰማል?" እያለ የሚጮህበት ዕቃ ነበር። በእሱ ዳታ መላክ እጅግ አዝጋሚ ነው፤ መኪናው ከቆመ ግን ይሠራል። ጣጣው የሚጀምረው መኪናው ሲንቀሳቀስ ነው። ስልኩ ከአንዱ አንቴና ክልል ወጥቶ ሌላው ክልል ውስጥ ሲገባ፣ መስመሩ ካንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ሰው እያወራ ከሆነ አንዲት ቃል ብትዋጥበት ነው፤ ቀሪውን በግምት ይሞላዋል። ማሽን ግን ግምት አያውቅም። ያቺ ቅጽበት ስትጎድልበት ግንኙነቱ ይበጠስና ሁሉም ነገር ከመጀመሪያው ይጀመራል።

ከሁሉም የከፋው ቦታ ከሜድስቶን ሰፈር ወጥተን ወደ ማሪቢርኖንግ ወንዝ ቁልቁል የምንወርድበት መንገድ ነበር። ከኋላችን ያለውን አንቴና ኮረብታው ይጋርደዋል። ከወንዙ ማዶ ያለው ደግሞ ብቅ ጥልቅ ይላል። ስልኩ አንዱን ይይዛል፣ ይለቃል፣ ሌላውን ይይዛል፣ ይጸጸትና ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ስክሪኑ ላይ የምናገኘው ነገር ቢኖር ባዶ ነው። ለስልክ ኩባንያው በተደጋጋሚ ደወልኩ። ሙዚቃ ሲያሰሙኝ ቆይተው አንዲት ትሑት ልጅ ትመጣና "በእኛ በኩል ሁሉም በትክክል እየሠራ ነው" ትለኛለች። "እሺ፣ በእኔ በኩል ግን አይሠራም" እላለሁ። "ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?" ትለኛለች።

ለሙከራው የሰው ልብ ያስፈልገን ነበር። እኔ እንዳልሆን የሙከራውን ቫን የምነዳው እኔ ነኝ። አለቃዬ እንዳይሆን ዎርክሾፑ ውስጥ ስክሪኑ ፊት የሚቀመጠው እሱ ነው። በመጨረሻ ጎረቤቴን እትዬን ለመንኳቸው። እትዬ በምንኖርበት የመንግሥት ቤቶች ግቢ ከታች ያሉ፣ ልጆቻቸው ሥራ ሲውሉባቸው፣ እሳቸው ባማርኛ ሲጠይቁ የልጅ ልጆቻቸው በእንግሊዝኛ እየመለሱላቸው ብቻቸውን የሚውሉ ጡረተኛ ናቸው። ማሪቢርኖንግ ያለው ትልቁ የገበያ ማዕከል መሄድ ይወዳሉ፤ አውቶቡሱን መጠበቅ ግን አይወዱም። ስለዚህ ተስማማን። እኔ እወስዳቸዋለሁ፣ ገበያቸውን ይጨርሳሉ፣ በወንዙ በኩል ዞሬ እመልሳቸዋለሁ፤ በመንገዱ ሁሉ ሽቦው ታስሮባቸው ይቀመጣሉ።

መጀመሪያ ቀን ሽቦው ከሚያያዝባቸው ሦስት ተለጣፊዎች ሁለቱን ክንዳቸው ላይ፣ አንዱን ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ስለጥፍ በጥርጣሬ ያዩኝ ነበር።

"አንተ፣ ይኼ ነገር ኤሌክትሪክ የለውም?"

"የለውም እትዬ። እርስዎን ያዳምጣል እንጂ ምንም አያደርግዎትም።"

"ካዳመጠኝስ ብዙ ይሰማል" አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ ወራት አለፉ። ስንወርድ ይቆረጣል፣ ስንመለስ ይቆረጣል። አለቃዬ የኔን ጥፋት ሲዘረዝር፣ እኔ ሽቦውን ከስልኩ ጋር የሚያገናኘውን የእሱን ሣጥን ስወቅስ፣ እትዬ ከኋላ ስለ ልጃቸው ሠርግ ሲያወሩ፣ ቀኑ ይመሻል። በኋላ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። የልብ ምቱን እንደ አንድ ረጅም ክር ከመላክ ለምን እየቆራረጥን አንልከውም? እያንዳንዱ ቁራጭ ቁጥር ይኑረው፤ መስመሩ ሲበጠስ ሣጥኑ ያልተላኩትን ይያዛቸው፤ አዲሱ አንቴና ሲቀበለን ከተቋረጠበት ቁጥር ይቀጥል። አለቃዬ ሰምቶኝ ወረቀት አንሥቶ ይሥል ጀመር። ለጥቂት ሳምንታት እንደ ወንድማማች ሠራን። የመጀመሪያው ሙከራ ሲሳካ፣ ወንዙን ስንሻገር የተላከው የልብ ምት ምንም ሳይጎድል ስክሪኑ ላይ ሲዘረጋ፣ አለቃዬ በስልክ እንደ ልጅ ጮኸ። የፈጠራ መብት የሚያስመዘግብ ጠበቃ ጋ ቀጠሮ ቡክ አደረገ።

ከዚያ ክፍተቶቹ መጡ።

ቁራጮቹ ሁሉ ደርሰዋል። ቁጥራቸው አልተዛነፈም። ግን አልፎ አልፎ በልብ ምቱ መሃል ቀጥ ያለ፣ ምንም የሌለበት መስመር ይታያል፤ ከዚያ ምቱ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል።

"ቁጥርህ ሁሉም ደርሷል ይላል፤ ዓይኔ ግን ጉድጓድ ያያል" አለ አለቃዬ። "ዓይኔን ልመን ወይስ ቁጥርህን?"

ፕሮግራሙን ገልብጬ መረመርኩት። ሽቦዎቹን ቀየርኩ። ተለጣፊዎቹን ከሌላ ሻጭ ገዛን። በእትዬ ፈንታ የሐሰት የልብ ምት የምታመነጭ ማሽን ቫኑ ውስጥ አስቀምጬ ያንኑ መንገድ ነዳሁ፤ አንድም ክፍተት የለም። እትዬ ሲሳፈሩ ክፍተቱ ይመለሳል። ስለዚህ ሁለታችንም ወደ እሳቸው ዞርን። ይንቀሳቀሳሉ፣ ሽቦውን ይነካሉ፣ ሲያወሩ እጃቸውን ያወናጭፋሉ አልን።

"እትዬ፣ እባክዎን እጅዎን ጭንዎ ላይ አድርገው ዝም ይበሉ።"

"እንደ ሐውልት?"

"ለጥቂት ደቂቃ ብቻ።"

"ዝም ስል ነው እኮ ራሴን የሚያዞረኝ" አሉ። "መኪናህ ያጥወለውለኛል።"

መስኮቱን ዝቅ አደረግሁላቸው። መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ ነው ብዬ አለፍኩት። አለቃዬ ያን ሰሞን ከእኔ ጋር የሚነጋገረው በጩኸት ብቻ ነበር። አንድ ቀን የያዘውን መፍቻ ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ "ሥራውን ያበላሸኸው አንተ ነህ፤ ከዚህ በፊት ቢያንስ የት እንደሚቆረጥ እናውቅ ነበር" አለኝ። ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ ወደ ዶሮው ፋብሪካ እመለሳለሁ አልኳት። የምሬን ነበር።

ክፍተቱ ሳይስተካከል ባለሀብቶች ገንዘብ ያወጡበት እንደሆነ ማሽኑን የሚያዩበት ቀን ደረሰ። አለቃዬ ቀኑን ማስተላለፍ አልፈለገም። ሙሉ ልብስ የለበሱ ሦስት ሰዎች መጡ፤ የሚያዩት ነገር እውነት መሆኑን የምትነግራቸው አንዲት የልብ ሐኪምም ይዘው ነበር። ዎርክሾፑ ውስጥ ስክሪኑ ፊት ተቀመጡ። እኔ እትዬን አሳፍሬ ወጣሁ። የማሽኑ ስልክ ሣጥኑ ውስጥ ነው፤ የኔ ስልክ ደግሞ አጠገቤ ወንበሩ ላይ።

ወደ ወንዙ መውረድ እንደጀመርን ስልኬ ጮኸ። አለቃዬ ነው።

"ሐኪሟ ልታናግርህ ነው።"

ከዚያ ረጋ ያለ የሴት ድምፅ መጣ። "ሴትዮዋ ነቅተዋል?"

"ነቅተዋል፤ እያወሩ ነው።"

"ጥሩ። አሁን ስማኝ፣ መኪናውን —"

ተቆረጠ።

ወዲያው ደግሞ ጮኸ። "...እንዳይቆሙ፣ ብቻቸውን እን —" ተቆረጠ። ሦስተኛ ጊዜ ሲጮኽ ከመንኮሻኮሽ በቀር የሰማሁት የለም። የልብ ምቱ በሣጥኑ በኩል ምንም ሳይጎድል እየሄደ፣ የሰው ንግግር ግን አንድ ዓረፍተ ነገር መሙላት አቃተው። ጥርሴን ነክሼ ቫኑን ዳር አስያዝኩና "እትዬ፣ ከወንበሩ እንዳይነሡ" ብዬ ጥግ ላይ ወዳለች ትንሽ ሱቅ ሮጥኩ። ባለሱቁ ስልኩን ሰጠኝ። ዎርክሾፑ ጋ ስደውል መስመሩ ተይዟል። አለቃዬ እኔኑ እየደወለልኝ ነው። ዘጋሁ፣ ደወልኩ፣ ተይዟል። ዘጋሁ፣ ደወልኩ፣ ተይዟል። መነጋገሪያውን ግድግዳው ላይ ልፈጠፍጠው ምንም አልቀረኝ። ባለሱቁ ፊቴን አይቶ ከመደርደሪያው ወደ ኋላ ሸሸት አለ።

በመጨረሻ ተነሣ። ሐኪሟ ነበረች።

"የት ነህ?"

ነገርኳት።

"አምቡላንስ እልካለሁ፤ ከዚያ አትነቃነቅ። ሴትዮዋ ብቻቸውን እንዳይቆሙ።"

"ምን ተፈጠረ? ክፍተቱ ከሆነ ማሽኑ —"

"ማሽናችሁ ደህና ነው። ክፍተቱ የልባቸው ነው። ልባቸው እየቆመ፣ መልሶ እየተነሣ ነው። አለቃህ የቆዩትን ሙከራዎችም አሳየኝ፤ ያኔም እንዲሁ ነበር።"

ወደ ቫኑ ሮጬ ተመለስኩ። እትዬ ቦርሳቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል።

"ምነው ፊትህ አመድ መሰለ?"

"ሐኪሟ ልብዎን ማየት ፈለገች፤ ሰዎች እየመጡ ነው።"

"አላየችውም እንዴ? እኔ ታዲያ ለምን ነው ይኼን ሁሉ ጊዜ የታሰርኩት?"

አጠገባቸው ተቀምጬ እጃቸውን ያዝኩ። እጃቸው ሞቃት ነበር። ያን ሁሉ ወር የልባቸውን መቆም በዓይኔ ሳይ፣ ከፕሮግራሜ ውስጥ ሳላጠፋው አላርፍም ብዬ ስታገል ነበር። ማንም አልነገረን፣ እኛም የሚያውቅ ሰው ጠርተን አላሳየንም። የልብ መሣሪያ የሚሠሩ ሁለት ሰዎች፣ ልብ ምን እንደሚመስል አናውቅም ነበር።

በማግስቱ ደረታቸው ላይ፣ ከቆዳቸው ሥር፣ የልብ ምት የሚያስተካክል ትንሽ መሣሪያ ተቀበረላቸው። አለቃዬ አበባ ይዞ ሆስፒታል መጣ። እትዬ ቀና ብለው አዩትና ባማርኛ ተናገሩ። "አንቱ፣ ሲቆም የነበረው የኔ ልብ ነው አይደለም? ታዲያ ይኼን ልጅ ምን ሠራ ብለው ይጮኹበታል?"

"ምን አሉ?" አለኝ።

ተረጎምኩለት። ጆሮው ቀላ። ከዚያ "ግን አየህ፣ ማሽኑ ትክክል ነበር ማለት ነው" አለ፤ ፊቱም በራ። ይቅርታ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ ነበር፤ ሳይለኝ ወጣ።

ባለሀብቶቹ በጣም አስደናቂ ነው አሉና ተመልሰው አልመጡም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደግሞ ጠበቃው ደወለ። ባሕር ማዶ ያለ አንድ ትልቅ ኩባንያ ያንኑ ዘዴ ከእኛ ቀድሞ አስመዝግቦታል፤ በቁጥር የተቆራረጠ ዳታ፣ በሽግግሩ ጊዜ የሚጠብቅ፣ ከተቋረጠበት የሚቀጥል። የጻፉትን አግኝቼ አነበብኩት። አንድም ቦታ ሰርቀውኛል ማለት አልቻልኩም፤ ስሜንም አገሬንም የማያውቁ ሰዎች ናቸው። የምቆጣው ሰው አጣሁ፤ ከዚያ የባሰ የሚያበሳጭ ነገር አላውቅም። አለቃዬ ዎርክሾፑን ለቀቀ። ሣጥኖቹን በቫኑ ጭነን ወደ ቤቱ ጋራዥ አመላለስን። ስንለያይ እጄን አጥብቆ ጨበጠኝ። "ሐሳቡ ያንተ ነበር" አለ። ዘግይቶ ቢሆንም አለ።

ሐኪሟ የምትሠራበት ሆስፒታል የሕክምና መሣሪያ ጠጋኝ ሲፈልግ ጠራችኝ፤ እዚያ ዓመታት ሠራሁ። ጥሩ ሥራ ነበር፤ አላማርርም። ከአንድ ነገር በቀር።

እትዬ ድነው፣ ወፍረው፣ ቤተ ክርስቲያን ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ታሪኩን ለሰው ሁሉ ይናገሩ ጀመር። ሲናገሩ ሣጥኑ የለም፤ ቁጥሮቹ የሉም፤ ወንዙን ሳይጎድል የተሻገረው የልብ ምት የለም። "ስልኩን የቆረጠው እግዚአብሔር ነው" ይላሉ እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው። "ባይቆረጥ ኖሮ ይኼ ልጅ መች መኪናውን ያቆም ነበር!" ሰዉ እልል ይላል። እኔ ሻዬን ይዤ እዚያው ተቀምጫለሁ።

"እትዬ፣ እኔ እኮ እንዳይቆረጥ ነበር ስደክም የነበረው" አልኳቸው አንድ እሑድ፣ ትዕግሥቴ አልቆ።

"አውቃለሁ ልጄ" አሉኝ ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ። "እሱም ድካምህን አይቶልሃል። አሁን ሻይህን ጠጣ።"